የማን ደጅ ላይ ተቀምጫለሁ?

ከሥራ የምወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ቢሮዬ ኡራኤል አካባቢ ስለሆነ ታክሲ ሳልይዝ በእግሬ ወደ ካዛንቺስ እሄድና ከአዲሱ የእግረኛ መንገድ ዳር ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ እቀመጣለሁ። ልጆች ይሯሯጣሉ። አንድ አባት ሴት ልጁን ብስክሌት ያስተምራል፤ ከኋላ ይዟት ይሮጥና ሳታውቅ ይለቃታል። ጥንዶች ፎቶ ይነሳሉ። መብራቱ ደስ ይላል። ማንም መጥቶ "ምን ልታዘዝ?" አይለኝም። ተወልጄ ያደግኩት በዚህ ከተማ ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሰፈሬ ውስጥ ቡና ሳላዝዝ የምቀመጥበት ቦታ ያገኘሁት ግን ገና አሁን ነው።

ደስ ይለኛል። ችግሩም እሱ ነው።

የምቀመጥበት ወንበር በግምት የእኛ ግቢ በር የነበረበት ቦታ ላይ ነው። "በግምት" የምለው እርግጠኛ መሆን ስለማልችል ነው። መንገዱ ሰፍቷል፣ መሬቱ ተደልድሏል፣ ለምልክት የሚሆን አጥር የለም። እዚህ ግቢ ውስጥ ተወለድኩ፣ እዚህ ፊደል ቆጠርኩ፣ ከዚህ ወጥቼ ምህንድስና ተምሬ ተመረቅሁ። እናቴ ደግሞ ከዚህ ተነስታ አሁን በከተማዋ ደቡብ ዳርቻ ገላን ጉራ ትኖራለች። እኔ እሷ በለቀቀችው ቦታ ላይ ተቀምጬ ነፋስ እቀበላለሁ።

ታዲያ ይህ ደስታ ምንድን ነው? የተፈቀደ ነው? ነውር ነው? ወይስ እንዲሁ ሰው የማያስበው ነገር ነው? አንድ ዓመት ሙሉ ከዚህ ጥያቄ ጋር ስታገል ስለቆየሁ ልጽፈው ወሰንኩ።

*

መጀመሪያ ለአዲሱ ነገር የሚገባውን ልስጠው። ስለ ፈረሰ ሰፈር የሚጻፍ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የፈረሰውን ገነት ያደርገዋል። የእኛ ገነት አልነበረም።

ግቢያችን ውስጥ ስድስት አባወራ ነበር፤ ሽንት ቤት አንድ። ግድግዳው ጭቃና እንጨት፣ ጣሪያው የዛገ ቆርቆሮ። ክረምት ሲመጣ ባልዲ የት የት እንደሚቀመጥ እናቴ ሳታይ ታውቀው ነበር። ኳስ የምንጫወተው አስፋልት ላይ ነው። ሁለት ድንጋይ እዚህ፣ ሁለት ድንጋይ እዚያ፤ አንዱ "መኪና!" ብሎ ሲጮህ ሁሉም ዳር ይይዛል፤ መኪናው ሲያልፍ ጨዋታው ካቆመበት ይቀጥላል። ለእኔ የልጅነት መዝናኛ ቦታ ማለት መኪና ያላለፈበት ደቂቃ ነበር። ዛሬ ምሽት ብስክሌት የምትማረውን ልጅ ሳይ ቅናት ቢጤ ይሰማኛል።

ቤታችን እንደዚያ የሆነው እኛ ሰነፎች ስለሆንን አይደለም። የቀበሌ ቤት ነበር። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሲሆን፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጡት ቤቶች በቀበሌ እንዲተዳደሩ ተደረገ። ኪራዩ እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ቆየ። ተከራዩ ባለቤት ስላልሆነ ገንዘቡን አያፈስበትም፤ ከኪራዩ የሚሰበሰበው ደግሞ ለጥገና አይበቃም። ያ ቤት ሃምሳ ዓመት ሙሉ በሕግ መሠረት ሲያረጅ ቆየ ማለት ነው። ከዚያም "አርጅቷል" ተብሎ ፈረሰ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አርጅቷል፣ እንዲያረጅም ተደርጓል።

ሰፈሩ ራሱም ቢሆን ከሰማይ የወረደልን አይደለም። ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው ከጣሊያንኛ ነው። በፈረንጆች 1924 ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት እንዲሠራ የተቋቋመ "ኢንቺስ" በሚል ምህጻር የሚጠራ የጣሊያን ተቋም ነበር። በወረራው ዘመን እዚህ ለጣሊያን ሹማምንትና ሠራተኞች ቤት ሠራ። "ካዘ ኢንቺስ"፣ የኢንቺስ ቤቶች ለማለት ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ስሙን ትቶልን ሄደ። ከዚያ በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ1953 የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ በ1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተወለደ። ዲፕሎማቱ በፊት ለፊት ሲገባና ሲወጣ፣ ከጀርባው አዝማሪ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ጉሊቱ ተሰበሰበ። የወራሪ የቤቶች ድርጅት ስም የአራዳ ልጅ መታወቂያ ሆነ። "የት ነህ?" ሲባል "ካዛንቺስ" ብሎ መመለስ የሚያኮራ ነገር ነበር። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

*

አዲስ አበባ ላለፉት ዓመታት በመናፈሻ ላይ ብዙ ገንዘብ አውጥታለች። በ2011 ዓ.ም. ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ "ገበታ ለሸገር" በተባለው እራት አንድ መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ተሸጠ። በመስከረም 2012 አንድነት ፓርክ ተከፈተ፤ የዚያው ዓመት ጳጉሜን ላይ ወዳጅነት፤ በ2013 መጀመሪያ እንጦጦ። መስቀል አደባባይ በአዲስ መልክ ተሠራ። ከዚያ በ2016 የኮሪደር ልማት መጣ፤ መጀመሪያ ፒያሳና አራት ኪሎ፣ ቀጥሎ በ2017 በሁለተኛው ምዕራፍ ካዛንቺስ። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት፣ የልጆች መጫወቻ፣ አደባባይና አረንጓዴ ቦታ። ለዚህ ሲባል ቤት ፈረሰ።

የእኛ የፈረሰው በ2017 መኸር ነው። ስለ ቀነ ገደቡ ብዙ አላወራም፤ አጭር ነበር። እናቴ ሃያ ዓመት ያጠራቀመችውን ዕቃ በአይሱዙ ጭነን ስንሄድ ጋቢና ውስጥ የያዘችው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ረከቦቷንና የዕድሩን መዝገብ። የዕድሩ ጸሐፊ ነበረች።

አዲሱ ቤት መጥፎ አይደለም። የመጀመሪያ ቀን ሽንት ቤቱን ከፍታ ቆማ አየችው። "የብቻዬ?" አለች። "የብቻሽ ነው እማዬ" አልኳት። አለቀሰች። ያ ለቅሶ የደስታ ነበር፤ ማንም የሐዘን ነው ብሎ እንዲተረጉምልኝ አልፈልግም። ስልሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት የራሷ በር ያለው ሽንት ቤት አገኘች።

በሦስተኛው ወር ግን ከጎረቤቶቻችን አንዷ፣ ሰፈሩ ሁሉ እታለም የሚላቸው እናት፣ አረፉ። የደረሳቸው ቤት በሌላ የከተማዋ ጫፍ ነበር። እናቴ የሰማችው ከተቀበሩ በአራተኛው ቀን ነው። የዕድሩ ጸሐፊ ናት እኮ! የሰፈሩን ሞት ከሁሉ ቀድማ የምትሰማው፣ ድንኳን የምታስወጣው፣ ጥሩምባ ነፊውን የምትጠራው እሷ ነበረች። ያን ቀን ያለቀሰችውን ለቅሶም አይቻለሁ። ከመጀመሪያው ጋር አይመሳሰልም።

*

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። በዚህ ሥራ ከሁሉም የሚያስፈራኝ ዳታ ማዛወር ነው። የድሮው ሲስተም ያረጃል፤ አዲስ ይሠራል፤ ከዚያ በድሮው ውስጥ ያለው መረጃ ወደ አዲሱ መግባት አለበት። ለማያውቀው ሰው ዕቃ እንደ መጫን ነው፦ መቶ ሺህ ረድፍ ነበረ፣ መቶ ሺህ ረድፍ ደረሰ፣ አለቀ።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት እኔም እንደዚያ መስሎኝ የአንድ ድርጅት ደንበኞችን መዝገብ አዛወርኩ። ቆጠርኩ፤ አንድም አልጎደለም። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ሰኞ ጠዋት ስልክ መጮህ ጀመረ። ደንበኞቹ ሁሉም አሉ፤ ግን ማን የማን ዋስ እንደሆነ፣ የቱ ሂሳብ የየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ ጠፍቷል። በአሮጌው መዝገብ እያንዳንዱ ሰው ወደ ሌላው የሚጠቁም ቁጥር ነበረው። እኔ ሰዎቹን ሳዛውር አዲስ ቁጥር ሰጠኋቸው፤ የድሮዎቹ ቁጥሮች ማንንም የማይጠቁሙ ሆኑ። ሰዎቹን አዛውሬ ዝምድናቸውን ጣልኩት።

አለቃዬ አልተቆጣም። "ረድፍ ቆጥረህ አትተኛ፤ ግንኙነቱን ፈትሽ" አለኝ። ቅጂ ስለነበረን በአንድ ሌሊት ወደ ነበረበት መለስነው።

"ቤት እኮ ተሰጣቸው" የሚለውን መልስ በሰማሁ ቁጥር ያ ሰኞ ጠዋት ትዝ ይለኛል። አዎ፣ ረድፎቹ ደርሰዋል። እናቴ ደርሳለች። ግን ሱቁ ጋ የነበራት የዱቤ ደብተር አልደረሰም። ደሞዝ እስኪገባ ቲማቲም በእምነት የሚሰጧት እታለም አልደረሱም። "ልጅሽ አመሸ፣ መናኸሪያው ጋ አይቼዋለሁ፣ አትጨነቂ" የሚላት የሊስትሮው ልጅ አልደረሰም። ዕቁቡ፣ ዕድሩ፣ የኡራኤል ማኅበሯ አልደረሱም። እኛ ግቢ ጓዳ ተከራይቶ የሚኖር የቀን ሠራተኛ ደግሞ ጭራሽ በየትኛውም ዝርዝር ላይ አልነበረም፤ እሱ ረድፍም አልነበረውም። እነዚህ ነገሮች ካሬ ሜትር የላቸውም፤ ስለዚህ በካሳ ስሌት አይገቡም። ደሃ ሰው በባንክ ያስቀመጠው ነገር ግን ሌላ ምንም የለም። ያጠራቀመው ሀብት ሰው ነው።

የሰፈር ደግሞ ቅጂ የለውም። ወደ ነበረበት አይመለስም። የማይመለስ ሥራ የሚሠራ ሰው ከሚመለሰው ይልቅ ቀስ ማለት አለበት፤ ይህ የምህንድስና የመጀመሪያ ትምህርት ነው።

*

ሌላው የተለመደ መልስ "ለብዙኃኑ ጥቅም ነው" የሚለው ነው። ይህን መልስ አልንቀውም። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬት "ለሕዝብ ጥቅም" ሲባል ሊለቀቅ እንደሚችል ይናገራል። መናፈሻ ደግሞ የሕዝብ ጥቅም ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በቀን ስንት ሰው በዚህ መንገድ ያልፋል! የእናቴን ሐዘን በአንድ በኩል፣ የነዚህን ሁሉ ልጆች ሳቅ በሌላ በኩል ሚዛን ላይ ብናደርግ የቱ ያዘነብላል?

ግን ሚዛኑ ራሱ ትክክል ነው ወይ? እኛ ሥራ ላይ የአንድን ሲስተም ፍጥነት በአማካይ አንለካም። አማካይ ይዋሻል። ከመቶ ሰው ዘጠና ዘጠኙ በቅጽበት ተስተናግዶ አንዱ ደቂቃ ሙሉ ቢጠብቅ፣ አማካዩ ቆንጆ ይመስላል። ስለዚህ ሁልጊዜ የምናየው ጭራውን ነው፦ ከሁሉ የዘገየው ሰው ምን ደረሰበት? አንድን የሕዝብ ሥራም እንደዚሁ ጭራውን ማየት ይገባል ባይ ነኝ። ጥቅሙ ለሚሊዮን ሰው በትንሽ በትንሹ ይከፋፈላል፤ ለእኔ በቀን የግማሽ ሰዓት ነፋስ ነው። ጉዳቱ ግን ጥቂት ሰዎች ላይ በሙሉ ክብደቱ ያርፋል። ብዙ ትናንሽ ደስታዎች ተደምረው አንድ ትልቅ ሐዘን ይሰርዛሉ? አይሰርዙም፤ ሐዘኑ የሌላ ሰው ነው። የእኔ ንፋስ የእናቴን እንባ አያደርቅም።

ሕገ መንግሥቱም ድምር ብቻ አይበቃም የሚል ይመስለኛል። አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ የመሳተፍና ሐሳባቸውን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ አንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካ ሰዎች ተመጣጣኝ ካሳና በቂ እርዳታ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። መጠየቅም መካስም ማለት ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ሰው ሳይጠየቅ ቢካስ ዕቃ ሆነ ማለት ነው፤ ዕቃ ነው ተመኑ ብቻ የሚጠየቀው።

እንግዲህ ፍትሐዊ የሆነው እንዴት ይታወቃል? አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ በፈረንጆች 1971 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ዘዴ አቀረበ፦ የኅብረተሰቡን ደንብ ስታወጣ በዚያ ኅብረተሰብ ውስጥ አንተ ማን እንደምትሆን ሳታውቅ አውጣ። ይህን ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት ከባድ አይደለም። ዕጣ እናውቃለን። የ97 ተመዝጋቢ፣ የ2005 ተመዝጋቢ እየተባባልን ያደግን ሰዎች ነን። እስቲ ዕጣው ሳይወጣ በፊት አስቡት። ፕሮጀክቱን የምትነድፉት እናንተ ናችሁ። ዕጣው ሲወጣ ምናልባት ማታ ማታ የሚሮጠው ወጣት ትሆናላችሁ፤ ምናልባት ብስክሌት የምትማረው ልጅ፤ ምናልባት ደግሞ ረከቦት ታቅፋ ጋቢና የተቀመጠችው ሴት። የቱ እንደሚደርሳችሁ አታውቁም። ምን ትጽፉ ነበር?

እኔ መናፈሻውን አልሰርዘውም። ይህ ራሴን አስገርሞኛል። ያን ሽንት ቤት፣ ያን ባልዲ፣ አስፋልት ላይ "መኪና!" የሚለውን ልጅ ሳስብ አልሰርዘውም። የምጨምረው ግን አለ፦ ጊዜ፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ ሳይነጠል እንዲሄድ የሚል ደንብ፤ "የት ብትሄዱ ይሻላችኋል?" የሚል ጥያቄ ከመልስ መስጫ ቀን ጋር። እነዚህ መናፈሻውን በጥቂት ወራት ያዘገዩታል። እናቴ እታለምን ትቀብር ነበር።

*

ሦስተኛው መልስ ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ነው፦ "ከመቶ ዓመት በኋላ ማን ያስታውሰዋል? ውበቱ ይቀራል።"

እውነት ነው፤ ይቀራል። በኒውዮርክ ከተማ መሀል ያለውን ሴንትራል ፓርክ ፊልም ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ያ ፓርክ ባዶ መሬት ላይ እንዳልተሠራ ነው። በምዕራቡ ጠርዝ ሴኔካ ቪሌጅ የምትባል መንደር ነበረች። ወደ 225 ሰው ይኖርባት ነበር፤ አብዛኞቹ ነጻ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ሌሎቹ በአብዛኛው አይሪሾች። ሦስት ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ነበራት። በዚያን ዘመን በኒውዮርክ አንድ ጥቁር ወንድ ለመምረጥ 250 ዶላር የሚያወጣ ንብረት ሊኖረው ይገባ ስለነበር፣ እዚያች መንደር መሬት መያዝ ማለት ድምፅ መያዝ ነበር። በፈረንጆች 1857 መንደሯ ፈረሰች። በጠቅላላው ለፓርኩ የተነሱት ሰዎች 1,600 ገደማ ነበሩ። ካሳ የተከፈላቸው አሉ። ማኅበረሰቡ ግን በሌላ ቦታ ተመልሶ አልቆመም፤ ተበተነ። በቦታው ላይ "እዚህ ሴኔካ ቪሌጅ ነበረች" የሚል ምልክት የቆመው በ2001 ነው። መቶ አርባ አራት ዓመት ወስዷል።

ሴንትራል ፓርክ መኖር አልነበረበትም የሚል ሰው እምብዛም የለም። የፓርኩ ማማርም በደሉን በደል ከመሆን አላዳነውም። ሁለቱ እውነቶች ጎን ለጎን ለመቆም ተቸግረው አያውቁም፤ የተቸገርነው እኛ ነን፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል ያለብን ይመስለናል። "ማን ያስታውሰዋል?" የሚለው መልስ ደግሞ በደሉ እንደሚሰረዝ አያስረዳም። ተበዳዩ እንደሚሞት ብቻ ነው የሚያስረዳው።

*

አሁን ወደ ወንበሩ ልመለስ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ እሱም የሰፈር ልጅ ነው፣ በአዲሱ መንገድ አይሄድም። በጀርባ ዞሮ ይሄዳል። "እግሬ አይረግጠውም" ይላል። እኔም ሁለት ወር ያህል እንደ እሱ ሞከርኩ። ያተረፍኩት የደከመ እግርና ትንሽ ኩራት ነው። ስልክ ላይ ለእናቴ ስነግራት ሳቀች። "ልጄ፣ ወንበሩ ምን አደረገህ? ይልቅ ውሰደኝና ልየው" አለች።

አንድ ቅዳሜ አመጣኋት። ከታክሲ ወርዳ ቆመች። ረጅም ጊዜ ቆመች። ሃምሳ ዓመት የኖረችበት ቦታ ላይ አቅጣጫ ጠፍቷት ነበር። የኡራኤልን አቅጣጫ ጠየቀችኝ፤ ከዚያ በጣቷ እያመለከተች "እንግዲህ መናኸሪያው ወዲያ ከሆነ፣ ሱቁ እዚህ፣ የእታለም በር እዚህ..." እያለች እየቆጠረች ሄደች። ሣሩ መሀል ስትደርስ ነጠላዋን አጣፍታ ቁጭ አለች።

የጥበቃ ልጅ መጣ። ወጣት ነው፤ ከእኔ ያንሳል። "እማማ፣ ይቅርታ፣ ሣሩ ላይ መቀመጥ አይቻልም" አላት በትሕትና።

"ልጄ" አለችው፣ "እኔ እኮ ቤቴ ደጃፍ ነው የተቀመጥኩት።"

ልጁ አየኝ። ከዚያ እሷን አየ። "እሺ፣ ትንሽ ይረፉ" ብሎ ፊቱን አዞረ።

እሷ ለሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጠች። አልቃሻ ሴት ናት፤ ግን አላለቀሰችም። ልጆቹን እያየች "አቤት ሲያምር" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "እታለም ሳያዩት" አለች። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረቻቸው፤ አንዱ ሌላውን አላስቸገረውም። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ የታገልኩትን ነገር እሷ ሣር ላይ ተቀምጣ ጨረሰችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በኃጢአትና በዕዳ መካከል ያለውን ልዩነት አስባለሁ። መቀመጤ ኃጢአት ቢሆን መፍትሔው መነሳት ነበር። ብነሳ ግን ወንበሩ ባዶ ይሆናል እንጂ እናቴ ቤቷ አትመለስም። ዕዳ ሌላ ነው። ባለዕዳ የተበደረውን እየበላም፣ እየተደሰተበትም ሊኖር ይችላል፤ የማይፈቀድለት መካድ ነው። "ከማንም አልወሰድኩም" ባለ ጊዜ ነው ሌባ የሚሆነው።

ዕዳው የማን ነው? አንድ ክፍል የሠራው አካል ነው፤ ያ ግልጽ ነው። የቀረው ግን የእኛ የምንቀመጠው ነው። የሕዝብ ገንዘብ የእኔም ግብር ነው፤ የሕዝብ ጥቅም የተባለውም እኔ ነኝ። በስሜ ተወስዶ ለእኔ ተሰጠ። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ነገር ከእኔ ይጠበቃል። አንደኛ፣ የሚቀጥለው ሰፈር ተራ ሲደርስ "ግንኙነቱ ተፈትሿል ወይ?" ብሎ መጠየቅ፤ ስለ አበባው ብቻ ፎቶ አለመለጠፍ። ሁለተኛ፣ ቦታው ክፍት ሆኖ እንዲቆይ መከራከር። አንድነት ፓርክ ሲከፈት መደበኛ መግቢያው 200 ብር ነበር፤ የእናቴ ዓይነት ሴት ያን ከፍላ አትገባም። በሰው ደጅ ላይ የተሠራ መናፈሻ ባለ ደጁን መግቢያ ሊጠይቀው፣ ጀበና ይዛ የመጣችን ሴት ሊያባርር አይገባም። ሦስተኛ፣ ስም። እዚህ ማን ይኖር እንደነበር የሚናገር አንድ ድንጋይ። መቶ አርባ አራት ዓመት መጠበቅ የለብንም፤ የሚያስታውሱት ሰዎች ገና በሕይወት አሉ።

*

ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ ነበረች፦ ካዛንቺስ ሌላ ሰው ለሌላ ሰው የሠራው ነበር፤ የእኛ የሆነው ስለኖርንበት ነው። ይህ በደሉን አያስረሳም፤ ጣሊያንንም አናመሰግነውም። ግን መናፈሻውም ገና የማንም አይደለም ማለት ነው፤ ማን እንደሚኖርበት ገና አልተወሰነም።

እናቴ ያን ቅዳሜ ታክሲ ውስጥ ስትመለስ የዕድሩን ነገር አነሳች። ሰዉ በየጫፉ ተበትኗል፤ ለሁሉም የሚቀርብ ሰፈር የለም። "መሀሉ እኮ እዚሁ ነው" አለች። አሁን በወር አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ወንበሮቹ ላይ ይሰበሰባሉ። በመጀመሪያው እሁድ አሥራ አንድ ሰው መጣ። በሁለተኛው አሥራ ዘጠኝ። መዝገቡን ከእሷ ደብተር ወደ ስልክ የማዛወሩ ሥራ የእኔ ሆነ፤ ቴሌግራም ላይ ቡድን ከፍተናል፤ ሰው ሲታመም ወይም ሲያርፍ በዚያው ቀን ሁሉም ይሰማል።

በዚህኛው ማዛወር ላይ ረድፍ ብቻ አልቆጠርኩም። ከእያንዳንዱ ስም ጎን እናቴ የምትነግረኝን እጽፋለሁ፦ የማን ጎረቤት፣ የማን የክርስትና እናት፣ የማን ዋስ። እስካሁን ግማሹን እንኳ አላገኘንም። የድሮ የካዛንቺስ መናኸሪያ አካባቢ ሰው ከሆናችሁና ይህን እያነበባችሁ ከሆነ፣ የወሩ የመጨረሻ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ነን። ነጠላ ያጣፋች፣ ደብተር የያዘች ሴት ፈልጉ።